ሞተር ከመዘጋቱ በፊት

የጋሽ በራሶን ሞት የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ቤቴ ስሄድ ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና፣ «መምህር፣ ያ ሽማግሌ መካኒክ አረፈ አሉ፤ ያ ሁሴንን የገደለው» አለኝ። ልጁ በክፋት አልነበረም እንዲህ ያለው። ዲላ ውስጥ በራሶ የሚባል ሰው ብዙ ነው፤ አንዱ በራሶ ዳቦ ቤቱ ይባላል፣ አንዱ በራሶ ቀበሌው፣ አንዱ ደግሞ ሁሴንን የገደለው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲባል ስለኖረ ስድብ መሆኑ እንኳ ተረስቷል። «እዚህ ጋ አውርደኝ» አልኩት። ቤቴ ገና ነበር፤ ዝናቡም አላባራም።

ሁሴንን ጋሽ በራሶ አልገደለውም። ይህን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አሁን አንድ ቀርቻለሁ። ስለ እሱ የምጽፈውም ለዚህ ነው እንጂ፣ ለሙት እንደሚደረገው «ደግ ነበር፣ ሰው አክባሪ ነበር» ብዬ ለማለፍ አይደለም። ደግ እንኳ አልነበረም። መፍቻ አያውስም። የሚያንቀላፋ ተማሪ ካየ በዘይት ጨርቅ ይወረውረዋል። ሰርግ ላይ ጥግ ይዞ ይቀመጥና ሙሽሮቹን ስላመጣው መኪና ድምፅ ያማል። ሰላምታ እንኳ የሚጀምረው ከመኪናው ነው፤ ኮፈኑን በመዳፉ መታ መታ ያደርግና ወደ ባለቤቱ ዞሮ፣ «አንተ ደህና ነህ፤ እሷ ግን ደህና አይደለም» ይላል።

የወናጎ ሰው ነው። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ያህል የመኪና ጥገና አስተምሮ ጡረታ ወጥቷል። አጭርና አንገተ ወፍራም ሲሆን፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዱ በፊት ጥፍሩን በኦሞ ፈትጎ ፈትጎ የማይለቅለት ጥቁር ነገር ሁልጊዜ ይቀር ነበር። አማርኛው ላይ ጌዴኦኛው ይሰማል፤ አንዱን መኪና አንዴ እሱ አንዴ እሷ ይለዋል። እኔ ደግሞ የአማርኛ መምህር ነኝና አንድ ቀን ላርመው ሞከርኩ። «መምህር፣ አንተ ወንድ ነው ሴት ነው ብለህ ትጨነቃለህ። እኔ ይሠራል አይሠራም እላለሁ» አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሁለተኛ አላረምኩትም።

የተዋወቅነው በማኅበሩ ነው። ማኅበር ስል ማኅተም ያለው እንዳይመስላችሁ። አራት ሰዎች ነበርን፤ በየቅዳሜው በጋሽ በራሶ ግቢ፣ ከእንሰቱ አጠገብ በተተከለች የቆርቆሮ ዳስ ሥር እንገናኛለን፤ አንድ አሮጌ መኪና እናነሳለን፣ እንፈታለን፣ እንገጥማለን። ጋሽ በራሶ ቮልስዋገን ነበረው። ማዘጋጃ ቤት የሚሠራው ታምሩ ከአጎቱ የወረሳት ትንሽ ፊያት ነበረችው። ሁሴን መለዋወጫ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው፤ እሱ ደግሞ አባቱ ትቶለት ያለፈው ላንድሮቨር ነበረው፤ መኪናው ድንጋይ ላይ ቆሞ ዶሮ ይፈለፈልበት ነበር እንጂ አይነዳም። እኔ ምንም አልነበረኝም። አንድ ቅዳሜ ሲሠሩ ልይ ብዬ ገብቼ ቀረሁ። ታምሩ፣ «በዓለም ላይ መኪና የሌለው የመኪና ማኅበር አባል አንተ ብቻ ነህ» እያለ ሲያሾፍብኝ አብሬ እስቅ ነበር። ውስጤን ግን ይነካኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ከሚገባው በላይ ነክቶኛል።

ጋሽ በራሶ ሁለት ሕግ ነበረው። የመጀመሪያው፣ ሞተር ሲፈታ እያንዳንዱ አባል የድርሻውን ዕቃ ቤቱ ወስዶ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ይመልሳል። ዳሱ አጥር እንጂ በር ስለሌለው ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን፣ «ቤትህ ያላደረ ዕቃ አይወድህም» ይል ነበር። ሁለተኛው ሕግ ከዚያ ይከብዳል። የተፈታው ሞተር ተገጥሞ ሊዘጋ ሲል ሥራ ይቆማል። ሁላችንም ዙሪያውን እንቆማለን፤ እያንዳንዱ ሰው እጁ የነካውን፣ ያጠበውን፣ ያሰረውን፣ የጣለውን፣ የረሳውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ተናግሮ ሲጨርስ ጋሽ በራሶ፣ «ሌላስ?» ይላል። ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል። «ሌላ የለም» እስክትል ድረስ ወደሚቀጥለው ሰው አይሄድም። የሁሉም ካለቀ በኋላ የመጨረሻዎቹን ብሎኖች ራሱ ያጠብቃል። «የዘጋ ይጠየቃል» ይላል ይህን ጊዜ። ሌላ ሰው እንዲዘጋ ፈቅዶ አያውቅም።

ሕጉ ቀልድ እንዳልሆነ ያየሁት በታምሩ ፊያት ነው። ሞተሯ ሊዘጋ ሲል ተራው የታምሩ ሆነና፣ «ጋሼ፣ አንዲት ሮንዴላ ከእጄ አምልጣ ወደ ውስጥ የገባች ይመስለኛል፤ እርግጠኛ አይደለሁም» አለ። ያን ጊዜ የምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። ሁሴን አጉረመረመ፤ እኔም ፊቴን አኮማተርኩ። ጋሽ በራሶ አንድ ቃል ሳይናገር መፍታት ጀመረ። የቀኑ ሥራ ሁሉ ፈረሰ። ሮንዴላዋ፣ ያቺ ከብሎን ሥር የምትገባ ቀለበት፣ ስትገኝ ጣት በማያስገባ ጠባብ ቦታ ተወትፋ ነበር። ታምሩ በኀፍረት መሬት መሬት ሲያይ ሽማግሌው ትከሻውን ያዘና፣ «የተነገረች ሮንዴላ ሰው አይገድልም» አለው። ሌላ ተግሣጽ አልነበረም። እኔ ግን ከዚያ ቀን የያዝኩት የሽማግሌውን ቃል ሳይሆን የታምሩን ፊት ነው።

የሁሴን ላንድሮቨር ተራውን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሴን ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ከማኅበሩ ሁሉ ታናሽ ነው። አባቱ በዚያ መኪና ሬኮ ተራራ ድረስ እየወጣ ቀይ ቡና ይሰበስብ ነበርና፣ «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሬኮ ወጥቶ ይመለስልኝ፤ ከዚያ በኋላ ዶሮዎቹ ይመለሱበት» ይል ነበር። ሚስቱ ዘይነባ መጀመሪያ ላይ ተቃውማ ነበር፤ በኋላ ግን ባሏ ቅዳሜ ሲመጣ ከልጆቹ ጋር እየሳቀ እንደሚገባ አየችና ምሳ ትልክልን ጀመር።

ሞተሩ አራት ቢየላ አለው። ቢየላ ማለት ፒስተኑን ከታች ካለው ከሚሽከረከረው ዘንግ ጋር የሚያያይዝ ብረት ክንድ ነው፤ ጫፉ ዘንጉን አቅፎ በሁለት ብሎን ይታሰራል። ጋሽ በራሶ አራቱን ለአራታችን አከፋፈለን። ለእኔ ሦስተኛው ደረሰኝ። «ክንዱም ብሎኑም አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ እንዳትበትናቸው» አለኝ። የብሎኖቹ ጭንቅላት ላይ እንደ እህል ፍሬ ከፍ ከፍ ያሉ ፊደሎች ነበሩባቸው፤ ጠንካራ ብረት መሆናቸው የሚታወቀው በዚያ ነው። ይህን ግን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ቤቴ ወስጄ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ናፍጣ ቀዳሁና አጠብኩ። ባለቤቴ ስለ ሳፋው ስትጮህብኝ ቶሎ ብዬ የቆሸሸውን ናፍጣ ቦዩ ላይ ደፋሁት። ወደ ሳፋው ስመለከት ብሎኑ አንድ ብቻ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ቦዩ ውሃ ሞልቶ ይወርድ ነበር። ጭቃውን በእጄ እየዛቅኩ፣ በወንፊት እያጠለልኩ እስከ ከሰዓት ዋልኩ። የለም። ያኔ ጋሽ በራሶ ዘንድ ሄጄ «ጠፋብኝ» ማለት ይበቃ ነበር። ሁሴን እንኳ ሱቁ ውስጥ ባያገኘው ከሌላ ከተማ ያስመጣው ነበር። እኔ ግን የታሰበኝ የታምሩ ሳቅ ነው። «መምህር ብሎን ከማንኪያ ለየ ወይ?» ሲል ተሰማኝ።

ገበያው ዳር ብረታ ብረት የሚሰበስብ ቁራሌው ዘንድ ሄድኩ። ከረጢት ሙሉ ብሎን ዘረገፈልኝ። አንዱን አንስቼ ብሞክረው ልክክ ብሎ ገባ። ጥርሱም ልኩም አንድ ነው፤ ጭንቅላቱ ብቻ ልሙጥ ነበር። በግሪስ ቀባባሁት። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ያን ዕለት ወደ ቤቴ የተመለስኩት ደስ ብሎኝ ነው። አንድ ነገር ራሴ የፈታሁ መሰለኝ።

የሚዘጋበት ቅዳሜ ደረሰ። ሞተሩ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ፣ ሆዱ ወደ ላይ ሆኖ፣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ቢየላ አስረናል። የጋሽ በራሶ ዓይን ያን ሰሞን በሞራ ምክንያት መድከም ጀምሮ ነበር፤ ዕቃን ከማየት ይልቅ መዳሰስ ያበዛ ነበር። መጥበቃቸውን አንድ በአንድ በመፍቻ ፈተሸ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ይነገር» አለ።

ሁሴን ተናገረ። ታምሩ ተናገረ። የእኔ ተራ ሆነ። ዘይነባ የላከችው ምሳ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ሁሴን እንደ ልጅ እግሩን እየቀያየረ ይቆማል።

«ሦስተኛዋን ቢየላ አጠብኩ፤ በራሷ ብሎኖች አሰርኩ» አልኩ።

«ሌላስ?» አለ ጋሽ በራሶ። ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ነበር፤ ማየቱን እንጃ።

ጠበቀ። ለእያንዳንዱ ሰው የሚጠብቀውን ያህል ነው የጠበቀኝ፤ አላበዛብኝም፣ አላሳጠረብኝም።

«ሌላ የለም» አልኩ።

«እሺ» አለና ዘጋው።

ሞተሩ ሲነሳ የሁሴን ዓይን እንባ አቀረረ። ታምሩ እኔን አቅፎ፣ «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማሾፍ ቀርቷል» አለኝ። ሁለት ሳምንት ያህል ላንድሮቨሩ በከተማው ሲዞር እኔን ያየ ሁሉ «የእናንተ መኪና» ይለኝ ነበር። ኮራሁ። የቁራሌውን ብሎን ጭራሽ ረሳሁት ብል ውሸት አይሆንም።

ሬኮ የወጣነው በሁለት መኪና ነው፤ ሁሴን ብቻውን በላንድሮቨሩ፣ ጋሽ በራሶና እኔ በቮልስዋገኑ ከኋላው። ታምሩ ሥራ ይዞት ቀረ። ቮልሱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ጋሽ በራሶ ለዓይኑ ሲል ሩቅ መንገድ መንዳት ትቶ ነበርና በዚያ ዓመት መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በእሱ ግፊት ነው። ሽቅቡን ላንድሮቨሩ ያለ ችግር ወጣው። ሁሴን አባቱ ቡና የሚመዝንበትን ቦታ አሳየን፤ አሁን የማጠቢያ ጣቢያው አጥር ይዞታል። ጥቂት ቆሞ አየው፤ ከዚያ «በቃኝ» አለ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበርና ለመመለስ ተነሳን።

ሁሴን ሞተሩን ሲያስነሳ ጋሽ በራሶ እጁን አነሳ። ኮፈኑን አስከፈተና የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ደገነ፤ እንደ ሐኪም ያዳምጥ ነበር። እኔ ምንም አልሰማሁም። እሱ ግን ቀና ሲል ግንባሩ ተቋጥሮ ነበር።

«ሦስተኛዋ ታንኳኳለች፤ በጣም ትንሽ ነው» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ ያንተ ናት። ስታስራት ሌላ ነገር ነበረ ወይ?»

ሁሴን መሪውን ይዞ ያየኛል። የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ።

«እንደነገርኩህ ነው ጋሼ፤ ሌላ የለም።»

ትንሽ አሰበ። እዚያ ተራራ ላይ መኪናውን ጥሎ መውረድ ይቻል ነበር፤ ጭቃው ሳይጠና ግን ሁሉም መውረድ ፈለገ። «በዝግታ ውረድ» አለው ሁሴንን። «ከታች ጨለለቅቱ ከተማ ስንደርስ እከፍተዋለሁ።» ሁሴን ራሱን ነቀነቀና ቀድሞን ሄደ።

ግማሽ መንገድ ላይ ነው የሆነው። ከፊታችን ኃይለኛ የብረት ድምፅ ጮኸ፤ ሞተሩ ባለበት ደርቆ የኋላ ጎማዎቹን ያዛቸው። ላንድሮቨሩ በጭቃው ላይ እንደ ሳሙና ተንሸራተተና ወደ ገደሉ ወረደ። እየተጋጨ ሲገለባበጥ ከታች ያለው እንሰት ሲሰበር ይሰማ ነበር። ወርደን ስንደርስ ሁሴን መሪው ሥር ተጣብቆ፣ ዓይኑን እንደ ከፈተ ነበር። ጋሽ በራሶ በሸሚዙ እጅጌ ፊቱን ጠረገለት። የሰፈሩ ሰው ቃሬዛ ሠርቶ ጨለለቅቱ ድረስ ተሸከመው፤ ለመቅበር እንጂ ለማዳን አልነበረም።

መኪናው ተጎትቶ ከተማ ከገባ በኋላ ትራፊክ ፖሊስ ባለበት ሞተሩ ተከፈተ። ጋሽ በራሶ የዘይቱን መያዣ ፈታና እጁን ዝቃጩ ውስጥ ከቶ ፈተሸ። የተቆረጠ የብሎን ጭንቅላት አወጣ። በአውራ ጣቱ ላዩን አሸው፤ ፊደል ፈለገ። ልሙጥ ነው። ደግሞ አሸው። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። እኔ ግድግዳው ጥግ ቆሜ ነበር፤ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ እንደዚያ ያየኝ ሰው የለም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ሌላስ?» ብሎ ሲጠብቅ የሚያሳየው ያው የተለመደ ፊቱ ነው።

«ምንድነው?» አለው ፖሊሱ።

«ብሎን ነው። ተቆርጧል።»

«ማን ነው ያሰረው?»

ጋሽ በራሶ ብሎኑን በእጁ እያገላበጠ ጠበቀ። እንድናገር እንደሆነ ገብቶኛል። እኔ ግን ዓይኔን ወደ መሬት መለስኩ። ፖሊሱ እስክሪብቶውን እንደያዘ መጠበቅ ሰለቸው።

«ሞተሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለ ጋሽ በራሶ። «እሱን ጻፍ።»

ጥቂት ሳምንት ታሰረ፤ በኋላ ነገሩ እንደ አደጋ ተቆጥሮ ተለቀቀ። ከተማው ግን አልለቀቀውም። መኪናውን ይዞለት የሚመጣ ሰው ቀረ። አልፎ አልፎ እንዲያስተምር ይጠሩት የነበሩትም መጥራት ተዉ። ማኅበሩ ተበተነ፤ ታምሩ ፊያቷን ሸጦ ሐዋሳ ተዛወረ። የጌዴኦ ሽማግሌዎችና የሙስሊም ሽማግሌዎች አንድ ላይ ሆነው ጋሽ በራሶን ይዘው ለዕርቅ ወደ ዘይነባ ቤት ሄዱ። ኮፍያውን አውልቆ ከበሩ ውጭ ቆመ። ዘይነባ አልወጣችም፤ «በሬ ላይ አይቁም» የሚል ቃል ብቻ ላከች። የባሏን ሱቅ እሷ መሥራት ጀመረች። ጋሽ በራሶም በሱቋ ፊት ላለማለፍ ሲል፣ ገበያ ለመውጣት በለገዳራ ወንዝ በኩል ዞሮ መሄድ ልማዱ አደረገ። ዓይኑ ፈጽሞ ሲጠፋም በዚያው በሩቁ መንገድ፣ በበትር እየተደገፈ ነበር የሚሄደው።

እኔ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ። አበው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ፤ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። እውነት ግን ራሱ አይጠራም፤ የሚያውቀው ሰው ካልተናገረ ንጋትም አይሆንም።

እጠይቀው ነበር፤ ይህንንም አልክድም። በወር አንድ ቀን ብርቱካን ይዤ እሄዳለሁ። ባዶው ዳስ ሥር ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው አወራለታለሁ። ስጨርስ ፊቱን ወደ ድምፄ ያዞርና፣ «ሌላስ?» ይለኛል። ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እኔም፣ «ሌላ የለም ጋሼ» እላለሁ። ዘጠኝ ዓመት፣ በየወሩ።

አንድ ጊዜ ብቻ ጀምሬ ነበር። «ጋሼ፣ ያ ብሎን...» አልኩ። በትሩን አስቀመጠና አንገቱን ወደ እኔ ሰገገ። ትንፋሹን ሲይዝ ሰማሁት። በዚህ መሀል ሴት ልጁ ሐና ቆጮና ጎመን ይዛ ገባች። ያኔ ምላሴ ምን እንዳለ ልንገራችሁ፤ «... ያ የቮልሱ ብሎን፣ ጠፍቶብህ የነበረው፣ ተገኘ ወይ?» አልኩት። ፈጥሬ ነው ያልኩት።

«አልተገኘም» አለኝ።

ሐና ወጣች። ሳህኑን ወደ እሱ አስጠጋሁለት። በኋላ ራሱ ተናገረ፤ ለእኔ ሳይሆን ለዳሱ የሚናገር ይመስል ነበር። «ማየት ነበረብኝ። ዓይኔ ደከመና በሰው አፍ ዘጋሁ። ተራራው ላይም ሰምቼዋለሁ፤ ሰምቼ ደግሞ ውረድ አልኩት። መምህር፣ እኔ ለሰው ብዬ አይደለም እኮ የታሰርኩት። የእኔም አለበት።» ጎመኑን እየጠቀለለ ቀስ ብሎ በላ። «የሌላውን ሰው ድርሻ የሚያውቀው ራሱ ባለቤቱ ነው» ብሎ ጨመረ። እኔ ብርቱካን ልጬ አቀበልኩትና ወጣሁ።

በሞተበት ዕለት ማታ ሐና ቤቴ መጣች። የሕይወት ታሪኩን እንድጽፍና ቀብሩ ላይ እንዳነብ ነው። «አንተ ታውቀዋለህ፣ ስትጠይቀው የኖርክ አንተ ብቻ ነህ» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የመኪናውን ነገር ግን አታንሳው፤ ቢያንስ ሲቀበር እንኳ ይረፍ» አለች። ያን ጊዜም ልነግራት እችል ነበር። ወረቀት ፈለግኩ።

ጻፍኩት። የት እንደተወለደ፣ ስንት ልጅ እንዳስተማረ፣ የትኞቹ ተማሪዎቹ ዛሬ የት እንደደረሱ። ቀብሩ ላይ ጥቂት ሰው ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን፣ የወናጎ ዘመዶቹ፣ ሁለት የድሮ ተማሪዎቹ። አነበብኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ መምህርነት ያስተማረኝ ይህን ነው። ሐና ስታለቅስ ከኋላ ሁለት ሰዎች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፤ «ያ ነው እኮ፣ ሁሴንን...» ይላሉ። ከአፌ የሚወጣው «ትጉህና የተመሰገነ መምህር» የሚለው ነበር።

ወረቀቱን ሳጥፍ ዘይነባን አየኋት። ከመቃብሩ አጥር በር ላይ፣ ከሁለት ሴቶች ጋር ቆማ ነበር። ሰው ሁሉ አያት፤ ማንም አልጠበቃትም። ሐና ወደ እሷ ሄደች፤ እኔም ሳላስበው ተከተልኩ። ዘይነባ የሐናን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«አውፍ ብዬዋለሁ፤ ይቅር ብዬዋለሁ» አለቻት። «አላህም አውፍ ይበለው። ባለፈው ረመዳን ነው ልቤ የተመለሰው። ሄጄ ልነግረው ነገ ነገ ስል ቀደመኝ።»

ሐና አቅፋት አለቀሰች። ዘይነባ አላለቀሰችም። ተሰናብታት መንገዱን ስትጀምር ከኋላዋ ሄድኩ። «ዘይነባ» ብዬ ጠራኋት። ሴቶቹ ቀደም አሉልን።

ነገርኳት። ሳፋውን፣ ቦዩን፣ ቁራሌውን፣ ልሙጡን ብሎን። ዳሱ ሥር፣ ተራራው ላይ፣ ከዚያም በየወሩ ተጠይቄ ሌላ የለም ማለቴን። ተራራው ላይ ሁሴን መሪውን ይዞ ሲያየኝ ጭምር ነገርኳት፤ ይህን ባልነግራት ይሻል ነበር ይሆናል። መንገዱ ላይ ቆማ ሰማችኝ፤ አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ጠየቀችኝ።

«ሽማግሌው ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«በሬ ላይ ሲቆምም?»

«ያኔም።»

ሻሿን አስተካከለች። 

«ለእሱ አውፍ ለማለት ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ» አለች። «ምንም ላላደረገ ሰው። ላንተ የሚሆን ዘጠኝ ዓመት ደግሞ ከየት አመጣለሁ?»

 ፊቷን አዙራ ወደ መቃብሩ ተመለሰች። አፈር የሚመልሱት ሰዎች አካፋቸውን ይዘው ገለል አሉላት። እሷም ጫማዋን አውልቃ ጋሽ በራሶ ራስጌ ጭቃው ላይ ተቀመጠች፤ የምትለውን ከመንገዱ ሆኜ አልሰማሁትም።